በአማቹ ስም

«ከአቮካዶ ላይ ወድቆ ነው» አለች ማናልሞሽ።

ከቀብሩ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለችው ራሷም አታውቅም። አዲስ ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ በገባ ቁጥር፣ አልቅሶ፣ ፊቱን ጠርጎ፣ አግዳሚው ላይ ከተረጋጋ በኋላ መጠየቁ አይቀርም። «ምን አግኝቶት ነው? ደህና ሰው አልነበረም እንዴ!» እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ ታደርግና ያችኑ ትላለች። ከጓሮ፤ ከአቮካዶው ላይ፤ ተንሸራቶ።

ጠያቂው ከንፈሩን ይመጣል። ከዚያ ወደ ጎኑ ዘወር ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን የሸራ ድንኳን ሹክሹክታ አይደብቅም።

«በዚህ ዕድሜው ዛፍ ላይ ምን አወጣው?»

«ስስት ነዋ!» አለች ለተብርሃን፤ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ የእድሩን ሴቶች የምታዝዝ፣ እጇ ለሥራ ምላሷ ለሰው የማይቦዝን። «ሚዛን ተፈሪ ላይ አቮካዶ ጠፍቶ ነው? ውሻ እንኳ ጠግቦ የተወውን! ነፍሱን ይማረውና፣ ለአንድ ፍሬ ብሎ ከሽማግሌ እግር ጋር ዛፍ ላይ ይወጣሉ?»

ማናልሞሽ ሰማች። ጥበቡ በሕይወቱ የወደቀ ፍሬ እንኳ ለራሱ ያነሣ ሰው አልነበረም። የጓሮውን አቮካዶ የሰፈሩ ልጆች ሲያወርዱት ከታች ቆሞ «ያቺን ተዋት፣ አልደረሰችም» እያለ ያዛል እንጂ ግንዱን ነክቶት አያውቅም። ይህን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ይበሉት። ስስታም ይሁን። ስስታም ሆኖ የሞተ ሰው ጡረታው አይቀርበትም።

አቶ ሕዝቅያስ ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። የጡረታ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ። ቀብሩ ላይ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

«እትዬ ማናልሞሽ፣ አሁን ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ፤ «ግን እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። ከሣልስቱ በኋላ የሞት ማስረጃውን ከቀበሌ ይዘው ብቅ ይበሉ። የጋሽ ጥበቡን ጡረታ ወደ እርስዎ እናዞረዋለን። ሙሉው አይደለም። ቢሆንም ዕድሜ ልክዎን ነው።»

«ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለ?»

«ለእርስዎ? ምን ይጠየቃል!» ሕዝቅያስ ሊስቅ ቃጥቶት ድንኳኑ ትዝ አለውና ተወው። «አስቸጋሪው ጡረታ እየበላ ሌላ ቦታ በደመወዝ ተቀጥሮ የሚገኘው ነው። ደብቆ የበላው ሁሉ ይመለስ ይባላል፤ ከወራሽም ቢሆን። ጋሽ ጥበቡ ግን፣ አፈር ይቅለለውና፣ ሲቀጠር ራሱ መጥቶ ጡረታዬን አቁሙ ያለን ሰው ነው። ቢሯችን ውስጥ እስከ ዛሬ ይወራል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የታለ?»

«እውነትህን ነው» አለች ማናልሞሽ።

አዎ፣ ራሱ ሄዶ ነበር የነገራቸው። ጥበቡ ዕድሜውን የፈጀው በመንግሥት ቡና እርሻ ነው። ታጥቦ የወጣ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ የሚያገላብጡትንና ከፀሐይና ከዝናብ የሚያለብሱትን ሴቶች ይመራ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሚሰጡት ገንዘብ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። በሸኮ መንገድ ላይ ያለ አንድ የግል ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለለቀማው ወራት ሲፈልገው ደስ ብሎት ተቀጠረ፤ ደስ ብሎትም ቢሮው ሄዶ ተናገረ። ጡረታው ቆመ። ለቀማው አለቀና ሥራውም ቆመ። ጡረታውን መልሶ ማስጀመር ግን እንደ ማስቆሙ በአንድ ቀን የሚያልቅ አልሆነም። አንድ ወረቀት ከዚህ፣ አንድ ማኅተም ከዚያ፣ «ትንሽ ይታገሡ አባቴ»። ያንን ክረምት ከጓሮ ጎደሬ እየቆፈሩ ወጡት። ጥርሱን ሲያመው ሐኪም ዘንድ ልሂድ ሳይል ከረመና፣ መስከረም ሲጠባ የፊቶቹ ረግፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ልጅ የላቸውም። የሚልክላቸውም የለም። በሁለተኛው ዓመት ጣቢያው መልሶ ሲጠራው፣ ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት።

«በኃይሌ መታወቂያ ግባ» አለችው።

ኃይለሚካኤል ታናሽ ወንድሟ ነው። ሥራ ከሚሠራ ይልቅ ሥራ ስለመሥራት ሲያወራ የኖረ ሰው፤ ከደመወዙ እንዲካፈል ተስማምተው መታወቂያውን ሰጣቸው። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ባየም አወቀ፤ ማወቁንም በደመወዙ ላይ ቀንሶ አሳየ። ጎረቤት እንዳያየውም ጥበቡ ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ ይገባ ነበር። መዋሸት ግን አልሆንለት አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች «ጋሼ ኃይሌ!» ብለው ሲጠሩት ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ማናልሞሽ ቤት ውስጥ ታለማምደው ጀመር። እግሩን ሲታጠብ ከኋላው «ኃይሌ!» ትለዋለች። አይዞርም። እራት ላይ፣ ጉርሻው አፉ ውስጥ ሳለ፣ «ኃይሌ!»። ዝም። «አንተ ደንቆሮ፣ አንተን እኮ ነው!» ስትለው አፉን ሸፍኖ ይስቃል። ውሎ አድሮ ግን ለመደ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከሩቅ አይታው «ጥበቡ! ጥበቡ!» ብትለው ሳይዞር ሄደ። ማታ ስትነግረው ሁለቱም ሳቁ። ያኔ ያስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባየ መጣ። የታሸገ ውኃና ስኳር ከፒካፑ አስወርዶ፣ ወግ ባለው ድምፅ አልቅሶ፣ በእሷና በወንድሟ መሐል ተቀመጠ። ለተብርሃን እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«የኃይሌ ጓደኛ ነው» አለች ማናልሞሽ፤ ለተብርሃንም ሻይ ልታመጣ ሄደች።

«የእግዜር ሥራ ነው እትዬ» አለ ባየ።

«የእግዜር?»

«ድምፅዎን።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ሥራ ላይ ሲሞት በደንቡ የሚሰጥ ነገር አለ ይባላል።»

«ማን ሞተ?» አለ ባየ። ለመሳለቅ አልነበረም፤ ሊያስረዳት ነው። «እኛ ዘንድ የተቀጠረው ኃይለሚካኤል ነው። ኃይለሚካኤል ደግሞ፣ ተመስገን፣ ይኸው ቆሎ እየቆረጠመ ነው።»

ኃይለሚካኤል መቆርጠሙን አቆመ።

«መክሰስ መብትዎ ነው» ባየ ቀጠለ። «ከሳሽ ግን መጀመሪያ ሟቹ ማን እንደሆነ ይናገራል። የት ይሠራ እንደነበረ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን ስም። ያ ወዲያ የተቀመጠው ሰውዬ የጡረታ ቢሮ ነው አይደል? እሱም ይሰማል።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረ። «አንተ ሰኞ ና። ቡናው አልጋ ላይ ነው፤ አገላባጮቹን የሚመራ ሰው ያስፈልገኛል።»

«እኔ እኮ ስለ ቡና አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? የአምስት ዓመት ልምድ አለህ።»

ኃይለሚካኤል ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ እንደሆነ ማናልሞሽ ብቻ አወቀች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳቁን እንዲህ ነው የሚደብቀው።

«አይዞህ ኃይሌ፣ ጠንከር በል!» አሉት ከማዶ ያሉት ሽማግሌዎች። «አማች አይደለም፣ አባት ነበር ያጣኸው።»

ባየ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ማናልሞሽ የፒካፑ ሞተር ሲነሣ ሰማች። ጥበቡ በተጎዳ ቀንም ይህንኑ ሞተር ነበር ደጇ ላይ የሰማችው።

ያን ቀን ዝናቡ ያለ ወራቱ መጣ። ጥበቡ ቡናውን የሚያለብሱበትን ፕላስቲክ ለማምጣት ወደ መጋዘኑ ሮጠ፤ በጥድፊያ ሲጎትተው ከላዩ የተደረደረው የቡና ጆንያ ተደረመሰበት። ባየ ደወለላት። «እትዬ፣ ጋሽ ጥበቡ ተጎድቷል። ወደ ሆስፒታል እያመጣነው ነው። ማን ብዬ ላስመዝግበው?»

ጥበቡ ካለች፣ የት ተጎዳ፣ የማን ሠራተኛ ነው ይባላል። ኃይለሚካኤል ካለች፣ መታወቂያው ላይ ያለው ፊት የሌላ ነው።

«እትዬ? መንገድ ላይ ነን።»

«ይናገራል?»

«ይናገራል።»

የሚናገር ሰው አይሞትም አለች በልቧ። ወጌሻ አስጠራለታለሁ፤ ትኩስ ነገር አጠጣዋለሁ። «ቤት አምጣው» አለች።

አመጡት። አልጋው ላይ ሲያስተኙት ከውጭ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ወጌሻው ሆዱን ነክቶ እጁን ሰበሰበና ወጣ። ጥበቡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። «ጥበቡ» አለችው። «ጥበቡ፣ እኔ ነኝ። ጥበቡ!» አልዞረም። ደጋግማ ጠራችው፣ ትከሻውን ነቀነቀችው፣ አልዞረም። በመጨረሻ ለራሷም እስኪያስፈራት ድረስ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኃይሌ» አለች።

ዓይኑን ገለጠ። «አቤት» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በሣልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው እህል እየተቀመሰ ሳለ፣ ከመንገዱ በኩል የማይታወቅ እሪታ ተሰማ። ስድስት ሰባት ሴቶች፣ በጭቃ የተለወሰ ፕላስቲክ ጫማ የተጫሙ፣ ወገባቸውን የታጠቁ፣ ደረታቸውን እየመቱ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ከፊት የምትመራቸው ሸምገል ያለች የሸኮ ሴት ናት። የለቅሶውን ቃል በራሷ ቋንቋ ትላለች፤ መሐሉ ላይ ግን ሁሉም የሚረዳው ስም አለ።

«ኃይሌ! ወይኔ ጋሼ ኃይሌ!»

ሰው ሁሉ ወደ ኃይለሚካኤል ዞረ፤ እንጀራ ጠቅልሎ ወደ አፉ ሊያደርስ ነበር።

«አንተ!» አለች ለተብርሃን። «መሞትህን ሳትነግረን ምሳ ትበላለህ?»

አንዱ ሽማግሌ ሊታገሥ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው። ሌላው ተከተለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ የተነሣ ሳቅ ማቆሚያ የለውም፤ ያረፈ ሲመስል ከሌላ ጥግ ይነሣል። ሴቶቹ ደረታቸው ላይ እጃቸውን እንደጫኑ ቆመው ሳቁን አዩት።

«ይሄ አይደለም» አለች ሽማግሌዋ ኃይለሚካኤልን አይታ። «እሱ ሽማግሌ ነው። ሸኮ መንገድ፣ ቡና ጋ ይሠራል። የመኪናውን ሹፌር ለምነን ነው ሰፈሩን ያወቅነው። ጋሼ ኃይሌ ረጅም ነው። ጥርስ የለውም። ሲስቅ እንዲህ ያደርጋል።» አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

የለተብርሃን ሳቅ ተቋረጠ። «እንዴ፣ ጥበቡም እኮ…»

አቶ ሕዝቅያስ ቀና አለ።

ማናልሞሽ ከፍራሹ ላይ መቼ እንደተነሣች አላወቀችም። በሴቶቹና በለቀስተኛው መሐል ቆማ ነበር። «እናቶቼ፣ ተሳስታችኋል» አለች፤ ድምፅዋ እንዳይሰበር አጥብቃ ይዛው። «የእኔ ባል ጥበቡ ይባላል። ጡረታው መልሶ ከተጀመረለት ወዲህ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ሠርቶ አያውቅም። ይኸው ፎቶው።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ፎቶ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሪዙ ተከርክሞ፣ ጥርሱ ሙሉ። ሽማግሌዋ ጠጋ ብላ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«አይደለም» አለች። «ይሄን አናውቀውም። ይቅርታ አድርጊልን እናቴ። ሐዘን ላይ ሐዘን አመጣንብሽ።»

ሴቶቹ እየተገፋፉ ወጡ። ሕዝቅያስ «የሰው ስም እኮ ብዙ ነው» ብሎ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ለተብርሃን ግን ማናልሞሽን እያየች ቆየች።

ሴቶቹ ሩቅ አልሄዱም። ከመንገዱ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ተቀምጠው ለራሳቸው ያንጎራጉሩ ጀመር። ቤት ያጣ ለቅሶ ነው። መንገደኛው ቆም እያለ ያያቸዋል፤ አንድ ባጃጅ ነጂም ማን እንደሞተባቸው ጠየቃቸው።

«ላባርራቸው?» አለ ኃይለሚካኤል በጆሮዋ። «ሲያወሩ ይውላሉ። ሰኞ ሥራ ልጀምር ነው እኔ!»

«ተቀመጥ።»

«ለቅሶ ብሎ የመጣ ሰው እህል ሳይቀምስ አይመለስም» አለች ለተብርሃን፤ የዳቦውን ሰፌድ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «ሟቹ የሌላ ሰው ቢሆንም። እኔ ልውሰድላቸው ወይስ አንቺ?»

ማናልሞሽ ሰፌዱን ተቀበለቻት።

መንገዱን ተሻግራ ዳቦውን መሐላቸው አኖረች። አመሰገኗት፤ ጠጋ ጠጋ ብለውም ቦታ ለቀቁላት። ቶሎ ብሉና ሂዱ ልትል ነበር የመጣችው። ተቀመጠች።

«ደግ ሰው ነበር?» አለች።

«ደግ ነበር» አለች አንዷ ወጣት ሴት። «ዝናብ ሲመጣ ነፍሰ ጡሮቹን ተቀመጡ ይላል። እሱ ራሱ ይሮጣል። በዚያ ዕድሜው ይሮጣል።»

«ሚስት አለችው ይባላል» አለች ሌላዋ። «እዚሁ ሚዛን። ምን ዓይነት ሴት ናት? እንዲህ አርጅቶ ታሠራዋለች? ደመወዙን ነው እንጂ እሱን አትፈልግም።»

«ክፉ ትሆናለች» አለች ማናልሞሽ።

«ክፉ ናት!» ሽማግሌዋ ዳቦውን ሳትቀምስ ጭኗ ላይ አኖረችው። «ላጫውትሽ። ሲጎዳ መኪናው ላይ አብሬው ተጫንኩ። ራሱን እዚህ፣ ጭኔ ላይ ይዤ መጣሁ። መንገዱ ያንገጫግጫል። ያማል። ጋሼ ኃይሌ ግን አልጮኸም፤ ሐኪም ቤት ደረስን ወይ ብቻ ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ። ደረስን ወይ? ገና ነው። ከዚያ የሆስፒታሉን በር አየሁ። ደረስን አልኩት። ደስ አለው። እንዲህ አድርጎ፣» እጇን ወደ አፏ አነሣች፣ «ሳቀ። ባየ ስልክ እያወራ ነበር። በሩ ጋ ሹፌሩን አስቆመና እኔን አወረደኝ። ሚስቱ ቤት አምጡት ብላለች አለኝ። መኪናው ሄደ። ጋሼ ኃይሌ ደረስን ብሎ እያመነ ሄደ።»

ማናልሞሽ ዳቦ ቆረሰችና ለአጠገቧ ሴት ሰጠች፤ ቀጥሎም ለሌላዋ። ከድንኳኑ የአልቃሿ ድምፅ ይሰማል፤ ጡረታውን በሰላም በልቶ፣ በጥላ ሥር አርፎ ስለሞተው ስለ ጥበቡ ትገጥማለች።

«እናቴ፣ አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለች ሽማግሌዋ። «አንድ ነገር ብቻ። እዚህ አገር ከሰሞኑ የተቀበረ ሰው የት ይሆናል? መቃብሩን አሳዪን። አፈሩን ነክተን እንሄዳለን።»

ጥበቡ የተቀበረው ከላይ፣ ማርያም ነው። ዳገቱን እንደወጡ፣ ከግንቡ አጠገብ። የእንጨት መስቀሉ ላይ ስሙ አለ፤ የመቃብሩ ጠባቂም ወሬ ይወዳል። ከሰዓት በኋላ ዘመድ ሁሉ ወደዚያ ይወጣል፤ ሕዝቅያስም።

ማናልሞሽ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«በዚህ ነው» አለች፤ ወደ ታች፣ ወደ ገበያው መንገድ። «ገብርኤል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አዲስ አፈር ታያላችሁ። እሱ ነው።»

ከተማ ነው፤ አዲስ አፈር አይጠፋም።

ሴቶቹ ትከሻዋን እየሳሙ ተሰናበቷት። ሽማግሌዋ ያልቀመሰችውን ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከፊት ሆነች። ቁልቁለቱን ጀመሩት። ከመታጠፊያው ሲደርሱ ቆመች፤ ዞር ብላም በየት በኩል እንደሆነ በእጇ ጠየቀች።

ማናልሞሽ እጇን አነሣች። ወደ ታች፣ አለች በእጇ፤ ወደ ታች፣ ወደዚያ፣ ዝም ብላችሁ ውረዱ።

ሴቶቹ ታጠፉና ከዓይን ጠፉ። እጇ ግን እንደተዘረጋ ቀረ። ለተብርሃን ከድንኳኑ ወጥታ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ክርኗን ይዛ እስክታወርድላት ድረስ ወደ ገብርኤል ያሳይ ነበር።